በጅቡቲ በር የገባው የወፎች ሠዓሊ

የጅቡቲ ከተማ ታሪክ በአመዛኙ የመግባትና የመውጣት ታሪክ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር መቀመጫውን ከኦቦክ ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ ካዛወረ ወዲህ ከተማዋ መርከብና ባቡር የሚገናኙባት ደጃፍ ሆና አደገች። ቡናና ቆዳ በእርሷ በኩል ወጣ፤ ጨርቅና መሣሪያ በእርሷ በኩል ገባ። ነጋዴው፣ መልእክተኛው፣ ጀብደኛውና ስደተኛው ሁሉ ጥቂት ቀን አርፎባት ወደ ደጋው አልፏል። በ1926 መጨረሻ ወራት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚሁ ወደብ ከወረዱት መንገደኞች መካከል አንድ የ52 ዓመት አሜሪካዊ ነበረ። ጓዙ ከሌሎቹ ይለያል፤ የውሃ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ወረቀትና ጠመንጃ በአንድነት ይዟል። ሉዊስ አጋሲዝ ፉዌርቴስ ይባላል፤ በዘመኑ በአሜሪካ ወፍን በመሣል አቻ የለውም የተባለ ሰው ነው።

ፉዌርቴስ በጅቡቲ ብዙ አልቆየም፤ ባቡሩ ይጠብቀው ነበር። ሆኖም ከዚህ ወደብ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ያደረገው ጉዞ ከአንድ መቶ በላይ የአእዋፍና የአራዊት ሥዕሎችን አስገኝቷል። ከዘጠና ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላም እነዚህ ሥዕሎች ለአገሩ ወፎች የምስክርነት ቃል ሆነው ይገኛሉ። ከዚያው ወደብ ፊት ለፊት፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በሚገኙት ተራሮች ላይ ግን በዚያን ጊዜ ለሳይንስ ስሟ ያልታወቀ፣ ሠዓሊም ያልደረሰላት አንዲት ቆቅ ትኖር ነበር። የሁለቱ ታሪክ ጎን ለጎን ሲታይ ሥዕል ለተፈጥሮ ጥበቃ ምን እንደሚያደርግ በግልጽ ያሳያል።

የሠዓሊው አነሣሥ

ፉዌርቴስ በ1874 በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኢታካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ከፖርቶ ሪኮ የመጣ መሐንዲስና በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና መምህር ነበሩ። ልጃቸውን በታላቁ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የተፈጥሮ ሊቅ በሉዊ አጋሲ ስም ሰየሙት። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ወፍ ሲከታተልና ሲሥል አደገ፤ ድምፃቸውንም በፉጨት እየመሰለ ይጠራቸው እንደነበር የሚያውቁት ሁሉ መስክረዋል። ተማሪ ሳለ ኤልዮት ካውዝ የተባሉ ስመ ጥር የአእዋፍ ተመራማሪ ሥራዎቹን አይተው ለሙያ ባልደረቦቻቸው አስተዋወቁለት። በ1897 ከኮርኔል ተመርቆ ሲወጣ አቦት ቴየር ከተባለ ሠዓሊ ዘንድ ገብቶ ተማረ። ቴየር የእንስሳት ቀለም ከአካባቢያቸው ጋር አዋሕዶ እንዴት እንደሚሰውራቸው ሲመራመር የኖረ ሰው ስለ ነበር፣ ተማሪው ላባን ብቻ ሳይሆን በላባው ላይ የሚያርፈውን ብርሃንና ጥላ ማየት ከእርሱ ቀሰመ።

ፉዌርቴስ የደረሰበት ዘመን በአሜሪካ የወፎች መከራ የበዛበት ዘመን ነበር። ለሴቶች ባርኔጣ ማስጌጫ ተብሎ የሳቢሳዎች መንጋ በእንቁላል መጣያ ወቅት በጥይት ይፈጅ፣ ላባው በሚዛን ይሸጥ ነበር። ይህን ለማስቆም የአዱቦን ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በ1900 በሕገ ወጥ መንገድ የተገደሉ አእዋፍን ከግዛት ግዛት ማዘዋወርን የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ በ1918 ደግሞ ተሰዳጅ ወፎችን የሚጠብቅ ሕግ ተከተለ። በዚህ ትግል ውስጥ የፉዌርቴስ ብሩሽ ቀላል የማይባል ድርሻ ነበረው። ሥዕሎቹ ለትምህርት ቤት ልጆች በሚታደሉ ወረቀቶች ላይ ታተሙ። ከሁሉ ይልቅ በሕዝብ ዘንድ የገቡት ግን ከቤኪንግ ሶዳ ካርቶን ጋር በነፃ ይሰጡ የነበሩት ትንንሽ ካርዶች ናቸው። እያንዳንዱ ካርድ በፊቱ አንድ ወፍ፣ በጀርባው ደግሞ ስለ ጠባይዋ አጭር መግለጫና ወፎችን አታጥፉ የሚል ምክር ይዞ ነበር። ሙዚየም ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ እናት ዳቦ ልትጋግር ካርቶኑን ስትከፍት የወፏን ስምና መልክ ታውቃለች ማለት ነው።

ወደ ደጋው

በ1926 የቺካጎው የፊልድ ሙዚየም ከቺካጎ ዴይሊ ኒውስ ጋዜጣ ጋር በመተባበር ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ የጥናት ቡድን አዘጋጀ። መሪው የሙዚየሙ የእንስሳት ክፍል ኃላፊ ዊልፍሬድ ኦስጉድ ሲሆኑ፣ የወፍ ባለሙያው አልፍሬድ ቤይሊ፣ ጋዜጠኛው ጃክ ባውምና ባለጸጋው ሰይዳም ከቲንግ አብረዋቸው ነበሩ። ፉዌርቴስ በሠዓሊነት ተመረጠ። መንገዳቸውም የዚያ ዘመን እንግዳ ሁሉ የሚይዘው መንገድ ነበር፤ በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባቡር እስከ አዲስ አበባ።

ያ የባቡር ሐዲድ ሥራው በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ፣ በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ ነው። ወደ 780 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ ባቡሩ የሚጓዘው በቀን ብቻ ስለ ነበር ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ዛሬ በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሰዓታት የሚጨርሰውን መንገድ የዚያ ዘመን መንገደኛ በዝግታ እያየ ያልፈው ነበር፤ ለወፍ ሠዓሊ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ጉዞ አይገኝም። ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ በድንጋያማው በረሃ፣ በአዋሽ የግራር ሜዳ አድርጎ ወደ ደጋው ሲወጣ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ወፎቹም ይለወጣሉ።

በአዲስ አበባ ቡድኑ በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ከነበሩት ከራስ ተፈሪ መኰንን ፈቃድ አግኝቶ ጉዞውን ቀጠለ። በመጀመሪያ በደቡብ በኩል ወደ አርሲና ባሌ ደጋዎች ወጣ፤ ቆይቶም ጎጃምን አቋርጦ ወደ ጣና፣ ከዚያም ወደ ጎንደርና ሰሜን ተራሮች አመራ። በመጨረሻ በ1927 በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ወጣ። በበቅሎ፣ በድንኳን፣ በብርድና በሐሩር የተደረገ የወራት ጉዞ ነበር።

የሥራው ሥርዓት

የፉዌርቴስ አሠራር ሊስተዋል የሚገባው ነው። አንድ ወፍ ስትሞት ላባዋ ለብዙ ዓመት ቀለሙን ይዞ ይቆያል፤ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ የመቶ ዓመት ላባ ዛሬም ይታያል። ቶሎ የሚጠፋው የተራቆተው የአካል ክፍል ቀለም ነው። የዓይኗ ብሌን፣ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ቆዳ፣ ምንቃሯና እግሯ በሰዓታት ውስጥ ደብዝዞ ወደ ግራጫና ጥቁር ይለወጣል። ስለዚህ ከሙዚየም ቆዳ ብቻ የሚሥል ሠዓሊ ዓይኗ ምን ዓይነት እንደ ነበረ በግምት ይሞላል። ለምሳሌ በደጋው ደን ውስጥ የምትኖረዋን፣ ክንፏን ስትዘረጋ ብቻ የሚታይ ቀይ ቀለም ያላትን ሶሪት ብንወስድ፣ የላባዋ አረንጓዴና ቀይ ሳይጠፋ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ደማቅ ቆዳ ግን ከሞት በኋላ ፈጥኖ ይከስማል። ፉዌርቴስ ወፏ ገና ሳትቀዘቅዝ ተቀምጦ በመጀመሪያ እነዚያን አላፊ ቀለሞች በውሃ ቀለም ይይዛል፤ አቋቋሟንና አመለካከቷን ደግሞ በሕይወት ሳለች በእርሳስ ከነደፋቸው ንድፎችና ከማስታወስ ችሎታው ያመጣል። በድንኳን ውስጥ፣ በደካማ ብርሃን፣ ከቀኑ ጉዞ በኋላ የሚሠራ ሥራ ነበር።

እርግጥ ነው ወፍ በኢትዮጵያ ሥዕል እንግዳ አይደለችም። በዓድዋ አካባቢ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት፣ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ እንደ ተጻፉ በሚገመቱት ወንጌላት ውስጥ በአምዶቹና በቅስቶቹ ዙሪያ አእዋፍ ተሥለዋል፤ ከዚያም ወዲህ የብራና ሠዓሊዎች ወፍን ከሐረግ ጋር አስማምተው ሲሥሉ ኖረዋል። በእነዚያ ገጾች ግን ወፏ ለቅዱስ ቃሉ ጌጥና ምሳሌ ናት። ፉዌርቴስ ያመጣው አመለካከት ሌላ ነበር፤ ወፏ ምሳሌነቷ ቀርቶ ራሷን ሆና፣ በምትኖርበት ዛፍ ወይም ገደል ላይ፣ በራሷ ዓይን ታያለች። ከደጋው ገደል ላይ አጥንት ጥሎ የሚሰብረው ጢማሙ አሞራ፣ ከአእዋፍም ሌላ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ በዚህ ዓይን ታይተው ተሥለዋል።

እዚህ ላይ አንባቢ የሚያነሣው ጥያቄ ይኖራል። ወፎችን አታጥፉ በሚል ካርድ ላይ ሥዕሉ የታተመለት ሰው ራሱ ጠመንጃ ይዞ ወፍ እየገደለ ይሥል ነበርን? አዎ፣ ይገድል ነበር። በዚያ ዘመን አጥርቶ የሚያሳይ የእጅ ካሜራም ሆነ የመስክ መለያ መጽሐፍ ስላልነበረ የአእዋፍ ጥናት ያለ ጠመንጃ አይታሰብም ነበር። ይህን መሸሸግ ታሪክን ማስዋብ ይሆናል። ግን በአንድ በኩል ለሚዛን የሚገደሉት ሺዎች፣ በሌላ በኩል ለማወቅ የተገደሉት ጥቂቶች አንድ አይደሉም። ጠመንጃው እንዲቀር ያደረገውም ከእርሱ የጀመረው መንገድ ነው። በ1925 ገና በጉርምስና ዕድሜ የነበረ ሮጀር ቶሪ ፒተርሰን የተባለ ወጣት በኒው ዮርክ በተደረገ የአእዋፍ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ከፉዌርቴስ ጋር ተገናኝቶ ነበር፤ ፉዌርቴስም አንድ ብሩሽ ሰጠው። ያ ወጣት በ1934 ወፍን ሳይገድሉ፣ በመነጽር ከሩቅ እያዩ ለመለየት የሚያስችለውን ዝነኛ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ ተራው ሰው ጠመንጃውን ትቶ መነጽር አነሣ።

ከሠዓሊው የተረፉት ሥዕሎች

ፉዌርቴስ በ1927 በጋ ወደ አገሩ ተመለሰ። ነሐሴ ውስጥ የኢትዮጵያን ሥዕሎች ለወዳጁ ለአእዋፍ ሊቁ ለፍራንክ ቻፕማን ለማሳየት ከባለቤቱ ጋር በመኪና ሄደ። ኦገስት 22 ቀን ሲመለሱ ዩናዲላ በተባለች መንደር አጠገብ የባቡር ሐዲድ በማቋረጥ ላይ ሳሉ ባቡር መኪናቸውን መታው። ሠዓሊው ወዲያው ሞተ፤ ባለቤቱ ክፉኛ ቆሰሉ። ሥዕሎቹ ግን ከመኪናው ተፈንጥረው ወጥተው አንዳች ጉዳት ሳይደርስባቸው ተገኙ። የእጁን የመጨረሻ ሥራ ዓለም ያየው እንዲህ ሆኖ ነው።

ሥዕሎቹን ከቲንግ ገዝቶ ለፊልድ ሙዚየም አበረከታቸው። በ1930 ሙዚየሙ ከመካከላቸው 32ቱን መርጦ በአልበም አሳተመ፤ በ1936 ደግሞ ኦስጉድ የሠዓሊውን የጉዞ ማስታወሻ ጨምሮ በመጽሐፍ አወጣው። ብዙዎች የፉዌርቴስ ምርጥ ሥራዎች እነዚህ የኢትዮጵያ ሥዕሎች ናቸው ይላሉ።

ዛሬ ዋጋቸው ከውበታቸው በላይ ነው። ሰሜን ተራሮች በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ ከ1996 እስከ 2017 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ቆየ። የባሌ ተራሮች በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ2023 ነው። ቡድኑ ያለፈባቸው እነዚህ ስፍራዎች ሁሉ ከመቶ ዓመት በፊት ምን ይኖርባቸው እንደ ነበር ሲጠየቅ ከሚቀርቡት ምስክሮች አንዱ ያ ጉዞ ነው። ለማስረዳት ያህል ያው ቡድን በ1927 በግልገል ዓባይ ምንጭ አካባቢ አንዲት ውሃ ውስጥ የምትዋኝ አይጥ አገኘ፤ ኦስጉድ በ1928 ለሳይንስ ስም አወጡላት። ከዚያች ከአንዷ ናሙና በቀር ሌላ እስካሁን አልተገኘችም። ባይደርሱ ኖሮ መኖሯን የሚያውቅ አይኖርም ነበር።

ሠዓሊ ያልደረሰላት ቆቅ

አሁን ወደ ጅቡቲ ከተማ እንመለስ። አየሩ ጥርት ባለ ቀን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ በስተሰሜን ምዕራብ የተራሮች መስመር ይታያል። ፉዌርቴስ ከመርከብ ወርዶ ወደ ባቡር ጣቢያው ሲሄድ ጀርባውን የሰጠው ለእነዚህ ተራሮች ነበር። የጎዳ ተራሮች ይባላሉ፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ይላሉ። በራሳቸው ላይ የዳይ ደን አለ። ዛፉ በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ የሚታየው ያው የሐበሻ ጽድ ነው። በበረሃ የተከበበች የደጋ ደሴት ማለት ይቻላል። ደኑ በ1939 በፈረንሳይ አስተዳደር ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተሰየመ።

በዚህ ደን ውስጥ የምትኖረውን ግራጫና ቡናማ፣ ደረቷ ፈዘዝ ባለ ቀለም የተጨራረጠ ቆቅ የአፋር እረኞች ከጥንት ጀምሮ ያውቋታል። ሳይንስ ግን የተዋወቃት በ1952 ነው። በዚያ ዓመት የፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ባልደረባ ዣን ዶርስት ከባልደረባቸው ከዡዋኔን ጋር ሆነው የጅቡቲ ቆቅ ብለው ለዓለም አስተዋወቋት። እኚሁ ዶርስት በ1965 ተፈጥሮ ከመሞቷ በፊት ሰው እንዲነቃ የሚያሳስብ፣ በብዙ ቋንቋዎች የተተረጎመ መጽሐፍ የጻፉ ሰው ናቸው። የጅቡቲ ቆቅ ከዳይ ሌላ በጎረቤት በማብላ ተራሮች ላይ ጥቂት ትገኛለች፤ ከጅቡቲ ምድር ውጭ ግን በዓለም ላይ የትም የለችም።

ሥጋቱም እዚህ ላይ ነው። ባለፉት አሥርት ዓመታት ከዳይ ጽዶች አብዛኞቹ በቁማቸው ደርቀዋል። የዝናብ መቀነስ፣ የከብትና የፍየል ግጦሽ፣ የማገዶ ቆረጣና የዛፍ በሽታ እርስ በርስ ተደጋግፈው ደኑን አመናምነውታል። የቀሩት ቆቆች በጥቂት መቶዎች ይገመታሉ፤ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረትም በቅርቡ ሊጠፉ ይችላሉ ከሚላቸው ዝርያዎች መካከል በከፍተኛው የአደጋ ደረጃ መድቧታል። እረኛውን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። በድርቅ ዓመት ከብቱን ወደ ብቸኛው አረንጓዴ ስፍራ የማይነዳ አርብቶ አደር የለምና። ጅቡቲ ናቱር የተባለው አገር በቀል ማኅበር ከዳይ ነዋሪዎች ጋር የሚሠራውም ደኑ ሊተርፍ የሚችለው ለነዋሪው ሲጠቅም ብቻ መሆኑን በመረዳት ነው።

ይህች ቆቅ በሥዕል የታየችው ቆይታ ነው። በ2009 የታተመው የአፍሪካ ቀንድ ወፎች መጽሐፍ፣ ኢትዮጵያን፣ ኤርትራን፣ ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና ሶኮትራን በአንድነት የያዘው፣ በጆን ጌልና በብራያን ስሞል ብሩሽ ከተሣሉት ሌሎች ወፎች ጎን እርሷንም አኑሯታል። ፎቶግራፍ በበዛበት ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ አሁንም በእጅ የሚሣለው ያለ ምክንያት አይደለም። ፎቶግራፍ አንዲትን ወፍ በአንዲት ቅጽበት ይይዛል፤ ጥላ የሸፈነውን ክንፍ፣ ቅጠል የጋረደውን እግር አያሳይም። ሠዓሊ ግን ብዙ ወፎችን አይቶ የሁሉንም መለያ በአንድ ምስል ያሰባስባል፤ ተመሳሳዮችን ጎን ለጎን አቁሞ ልዩነታቸውን ያሳያል። የፉዌርቴስ ትምህርት ዛሬም የሚሠራው በዚህ ነው።

በደጃፍ ያለው

ከተማይቱ ራሷም ለሠዓሊ ባዶ አይደለችም። ከሃራሙስ እስከ ሎያዳ የተዘረጋው የባሕር ዳርቻ ዓለም አቀፍ ጠቀሜታ ያለው ረግረግ ተብሎ ተመዝግቧል፤ በክረምት ፍላሚንጎና ከሰሜን የሚመጡ የባሕር ዳር ወፎች በዝቅተኛ ማዕበል ጭቃው ላይ ይመገባሉ። ከከተማዋ በስተሰሜን ያለው የባብ ኤል ማንደብ ወሽመጥም ከእስያ ወደ አፍሪካ ለሚሻገሩ አዳኝ ወፎች ታላቅ መተላለፊያ ነው። በ1987 መኸር በወሽመጡ ዳር የቆሙ ቆጣሪዎች ወደ 250,000 የሚጠጉ ንስሮችና ሌሎች አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ ቆጥረዋል። ጅቡቲ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለወፍም በር ናት።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላል የአገራችን ሰው። ያላዩት ወፍም እንዲሁ ነው። ፉዌርቴስ በሞተበት ዓመት የሣላቸው የደጋው ወፎች ዛሬ ተሟጋች ካገኙ፣ አንዱ ምክንያት ሰው ቀድሞ መልካቸውን ስላወቀው ነው። የጅቡቲ ቆቅ ግን በገዛ ዋና ከተማዋ እንኳ መልኳን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። የቤኪንግ ሶዳው ካርድ ለአሜሪካ እናቶች ያደረገውን ለከተማዋ ልጆች የሚያደርግ ሥዕል፣ በትምህርት ቤት ግድግዳም ይሁን በደብተር ሽፋን፣ ዛሬም አልረፈደም። ደኑ ደርቆ ሳያልቅ ብሩሹን ማንሣት የሚገባው ደግሞ መንገደኛ እንግዳ ሳይሆን ተራራውን በየማለዳው ከባሕሩ ማዶ የሚያየው የአገሩ ሠዓሊ ነው።